ባለቤቱ በተገኙበት የተነበበ የሕይወት ታሪክ

በሶዶ ከተማ ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት የሞተ ሰው ሁሉ በእኔ እጅ ነው የተወለደው። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈውም የማነብበውም እኔ ዳና ነኝ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ብዬ ካልጀመርኩ ሟቹ ራሱ የተቀበረ አይመስለውም። ዋናው ሥራዬ አማርኛ ማስተማር ነበር፤ ከእሱ በጡረታ ተሰናብቻለሁ። ከዚህኛው ግን የሚያሰናብተኝ አልተገኘም፤ ሰው መሞቱን አልተወማ።

ችግሩ ስሜ ከእኔ ቀድሞ ቤት መግባቱ ነው። የታመመ ልጠይቅ ስሄድ በር የሚከፍትልኝ ሰው ክው ይላል። አንድ ጊዜ ታይፎይድ ይዞት የተኛ ጎረቤቴን፣ ጨዋታ ለመጀመር ያህል፣ «ለመሆኑ የት ነው የተወለድከው?» ብለው በማግስቱ ኑዛዜውን ጻፈ። ከዳነ አራት ዓመት ሆነው፤ እስከ ዛሬ አያናግረኝም።

ይህንን ሁሉ ችዬ ኖሬአለሁ። ያልቻልኩት የልጄን ሠርግ ነው። አንዷ ልጄ ሜላት ልታገባ ሦስት ሳምንት ሲቀራት የሙሽራው አባት አቶ ጩማ ቤቴ መጡ። አቶ ጩማ የግንባታ ዕቃ መደብር ያላቸው፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ልባቸው ደግ ሰው ናቸው። አማርኛን የሚናገሩት በወላይትኛ ዜማ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም እንደ መጣላቸው ያደርጉታል፤ እኔም የቀድሞ አስተማሪ ነኝና በሰማኋቸው ቁጥር ቀይ እስክሪብቶ ያምረኛል።

«አቶ ዳና፣» አሉኝ፣ «በሠርጉ ላይ የሙሽራዋ አባት ይናገራል የሚባለውን ነገር እንተወው። እርስዎ ከተናገሩ ሙሽራዋ ያለቅሳል፣ እናቴ ያለቅሳል፣ ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰውዬ ራሷ ታለቅሳለች።»

ወሽመጤ ተቆረጠ። የስንቱን ልጅ ታሪክ ያነበብኩ ሰው፣ በገዛ ልጄ ሠርግ ቁርጥ ብቻ በልቼ ልመለስ? ባለቤቴ አስካለች ደግሞ ከጓዳ ሆና «እውነታቸውን ነው» አለች። በዚህች ቤት የሚያግዘኝ የለም።

በዚያው ሰሞን አሠልጣኝ ብሩክታይት መጣች። ብሩክታይት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ «ዳሞታ ጮራ» የሚባል የሴት ታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን ታሠለጥናለች። የቡድኑ ሊቀ መንበር እኚሁ አቶ ጩማ ናቸው።

«ጋሼ፣ የእንግዳችንን የሕይወት ታሪክ እንዲያዘጋጁልን ፈልገን ነበር፤ የኖርዌይ እግር ኳስ ተጫዋች ነው» አለችኝ።

«መቼ ሞተ?»

«ኧረ ጋሼ! ገና ነገ ነው የሚገባው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ሰው አያት ከስንት ዓመት በፊት በእኛ በኩል በነርስነት ያገለገሉ ናቸው፤ እሱም በልጅነቱ የዳሞታን ተራራ ፎቶ ግድግዳቸው ላይ እያየ አደገ። ብሩክታይት እንዴት እንዳገኘችው እንጃ፣ ብቻ ተጻጻፉ፣ እሱም ለልጆቹ ጫማ ይዞ አዲሱን ሜዳ ሊመርቅ ይመጣል። ልቤ ቅቤ ጠጣ። በሕይወት ያለ ሰው! በቀጥታ አቶ ጩማ መደብር ሄድኩ።

«ቅዳሜ የአንድ በሕይወት ያለ ሰው ታሪክ አነባለሁ። አንድም ሰው ካላለቀሰ በሠርጉ እናገራለሁ። ካለቀሰ አፌን አልከፍትም።»

«አንድ ሰው?»

«አንድ ሰው።»

ምስማር እየመዘኑ ነበር፤ በምስማሩ ላይ እጄን ጨበጡኝ።

እንግዳው ቶርጌር ኔስቮል ይባላል። በሆቴሉ አትክልት ውስጥ አገኘነው፤ ሊቀበለን ሲነሳ ጉልበቱ ቋ አለ፣ ሲቀመጥም ቋ አለ። ፀጉሩ የእሸት በቆሎ ፀጉር ይመስላል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የተጠቀምኩባቸው አሥራ ሁለት ጥያቄዎች ያሉት ደብተር አለኝ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን፣ ማለትም የቀብሩን ቀንና ቦታ፣ በአክብሮት ዘልዬ የቀሩትን በብሩክታይት አስተርጓሚነት ጠየቅኩት።

አባቱ ኦድቫር፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ። እናቱ ግሮ፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት። የተወለደበት ደሴት በክረምት ፀሐይ የማይወጣበት፣ በበጋ ደግሞ የማይጠልቅበት ነው፤ ይህንን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ክለብ ገባና አሥራ አራት ዓመት እዚያው ተጫወተ። ሌላ ክለብ አልፈለገውም ወይ ብዬ ስጠይቅ «ፈልጎ ነበር፤ ፈላጊው ክለብ በሳምንቱ ፈረሰ» አለኝ። ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን አንድ ጊዜ፣ ሰባት ደቂቃ ተሰልፏል።

«በሰባቱ ደቂቃ ኳስ ስንት ጊዜ ነካህ?»

«አንድ ጊዜ። ወደ ውጭ ወጣች።»

ጉልበቱ ሦስት ጊዜ በቀዶ ሕክምና ተከፍቷል፣ አንዱ ጀርመን አገር። በሠላሳ አንድ ዓመቱ አቆመ። አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የዓሣ መኖ ይሸጣል።

«ሜዳ ላይ ሥራው ምን ነበር?» ስል ብሩክታይት ሳትጠይቀው «አማካይ» አለች። ደነገጥኩ። እኔ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ውጤት ደምሬ ያካፈልኩ ሰው ነኝ፤ አማካይ ማለት ጎበዝም ሰነፍም ያልሆነ፣ ስሙን የምትረሳው ተማሪ ማለት ነው። «ለእንግዳ እንዲህ አይባልም፤ አጥቂ ልበለው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ አማካይ እኮ መሀል ሜዳ ላይ ሆኖ ኳስ ከኋላ ተቀብሎ ለፊተኞቹ የሚያቀብል ነው።»

«ለራሱስ?»

«ለራሱ አያስቀርም።»

ወዲያው «ለራሳቸው ያላሉ» ብዬ ጻፍኩ። ይህችን ሐረግ ስንቱ ላይ ያለ ቦታዋ ለጥፌአት ኖሬአለሁ፤ ገና ዛሬ ባለቤቷን አገኘች።

በመጨረሻ «አባትህ ስለ ጨዋታህ ምን ይሉህ ነበር?» አልኩት። ጠባይን ለማወቅ የምጠይቃት ናት። ቶርጌር የሻይ ብርጭቆውን አዙሮ አዙሮ አየው።

«አባቴ በሜዳችን የተጫወትኩትን ሁሉ መጥቶ አይቷል። በጀልባ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ከጨዋታ በኋላ የሚለኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ‹ሣሩ እርጥብ ነው።›»

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ?»

«አንድ ቀን ‹ደረቅ ነው› ብሏል።»

ይህን አልጻፍኩትም፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከራሴ አልወጣም አለ።

ዓርብ ረቂቁን ለአስካለች አነበብኩላት። ሦስተኛው መስመር ላይ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምስኪን! ስንት ልጅ ትቶ ነው የሞተው?»

አልሞተም ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ወረቀቱን ሳየው ጥፋተኛውን አገኘሁት፤ «ነበሩ» የሚለው ቃል ነው። ታዛዥ ነበሩ፣ አማካይ ነበሩ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ። እጄ ሌላ ማሰሪያ አንቀጽ አያውቅም። ሁሉንም ሰርዤ «ናቸው» ላደርግ ተነሳሁ፤ ግን ሰውዬው ኳስ ካቆመ አምስት ዓመቱ ነው፣ «አማካይ ተጫዋች ናቸው» ብል ውሸት ይሆናል። እኔ በሕይወት ታሪክ ውሸት ጽፌ አላውቅም። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረውን «ቆፍጣና ነበሩ» ማለት ጨዋነት ነው እንጂ ውሸት አይደለም። ስለዚህ «ነበሩ»ን ተውኳትና በድምፄ አስደስታታለሁ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ ከእድራችን የተዋሱት ነው። የሰፈሩ እናቶች ያንን ድንኳን ገና ከሩቅ ሲያዩ ጥቁር ሻርፕ ለብሰው መጡ፤ ከፊት ረድፍ ተደርድረው፣ እኔን ማይክሮፎን ይዤ ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፉ። አቶ ጩማ ከመድረኩ ቀኝ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከእናቶቹ ዓይን ላይ አልነቀሉም።

በተቻለኝ ሁሉ ፈገግ ብዬ ጀመርኩ።

«አቶ ቶርጌር ኔስቮል፣ ከአባታቸው ከአቶ ኦድቫር ኔስቮል፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ግሮ፣ ባሕር በከበባት አንዲት ደሴት ተወለዱ።»

ከፊት ረድፍ «እህ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቶሎ ቶሎ ቀጠልኩ። ወደ ክለብ አስገባሁት፣ አሥራ አራት ዓመት በታማኝነት አስገለገልኩት፣ ሰባቱን ደቂቃ «አገራቸው በጠራቻቸው ጊዜ ሳያመነቱ» ብዬ አነበብኩ። ብሩክታይት ከክለቡ መዝገብ ባገኘችልኝ መሠረት «በአገልግሎት ዘመናቸውም ዘጠኝ ግቦችን አስቆጥረዋል» ስል እንግዳው እጁን አወጣ። ብሩክታይት በጆሮው እየተረጎመችለት ነበር።

«ጋሼ፣ ስምንት ነው ይላል። ዘጠነኛዋ ጀርባውን መትታው ነው የገባችው።»

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ባለታሪኩ ተቃውሞ ሲያቀርብ ይህ የመጀመሪያው ነው። ወራሾች ሲጣሉ አይቻለሁ፣ ሁለት ሚስቶች ማይክሮፎን ሲናጠቁ አይቻለሁ፤ ሟች ግን ምንጊዜም ከእኔ ጋር ይስማማል።

«ገባች አልገባችም?» አልኩ።

«ገብታለች።»

«እንግዲያው ዘጠኝ ነው፤ ይቀመጥ!»

ሳቅ ሆነ። አቶ ጩማም ሳቁ። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ግን አንድ አንቀጽ ቀርታኝ ነበር፣ ተጽፎ ያልተነበበ ነገር ደግሞ ያሳክከኛል።

«አቶ ቶርጌር ኳስ ለቸገረው ሁሉ ደራሽ፣ ለራሳቸው ያላሉ፣ የተቀበሉትን ሁሉ ለሌላው የሰጡ ሰው ነበሩ።» እናቶቹ መወዛወዝ ጀመሩ። «ባደረባቸው የጉልበት ሕመም በአገር ውስጥና በውጭ አገር በሕክምና ሲረዱ ቢቆዩም...»

ጉድ ፈላ። ይህ ዓረፍተ ነገር በየት እንደሚሄድ የማያውቅ የሶዶ ሰው የለም። የመጀመሪያዋ ጮኸች። ድምፄን አነሳሁ፤ «በተወለዱ በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ከኳሱ ዓለም ተለዩ!»

«ከኳሱ» የሚለውን እግዚአብሔርና እኔ ብቻ ሰማነው። «ዓለም ተለዩ» የሚለው ግን እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ተሰማ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የአቶ ጩማ እናት ደረታቸውን እየደቁ ተነሱ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ካሜራውን አስቀምጦ አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ እናቶቹ በሰልፍ ወደ መድረኩ ወጥተው፣ ከሩቅ አገር የመጣው ነጭ የሟቹ ወንድም መስሏቸው፣ እጁን ይዘው «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» ይሉት ጀመር። ቶርጌር የሚያውቃት አማርኛ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ለእያንዳንዳቸው ጎንበስ እያለ «አመሰግናለሁ» አለ።

አቶ ጩማን ቀና ብዬ አየኋቸው። እያለቀሱ ነበር፤ ግን በአንድ እጃቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ በሌላው ጣታቸውን ነቀነቁብኝ። ሠርጉ አበቃለት።

ሕዝቡ ሲረጋጋ ቶርጌር ለምን እንደሚያለቅሱ ጠየቀ። ብሩክታይት መዋሸት አትችልበትም፤ ይህ ጽሑፍ በእኛ አገር የሚነበበው ቀብር ላይ እንደሆነ ነገረችው። ሰውዬው ሳቁን ለቀቀው፤ ጉልበቱን ይዞ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። ዓይኑን ጠርጎ «በእኛ አገር ሰው ስለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚናገረው ሲሞት ብቻ ነው» አለ።

«በእኛም ነው እንጂ!» አልኩት ተናድጄ።

ምሳ ላይ ቁርጥ በሚያቃጥል ዳጣ ቀረበልን። እኔ ቁርጡን ሳልነካ ተቀምጫለሁ። ቶርጌር ንባቡን የቀዳበትን ቪዲዮ ለአባቱ ልኮ ነበር፤ ከሥሩም «እኚህ አዛውንት ዘጠኝ ግብ አስቆጥሯል አሉ፣ እኔ ስምንት ነው ብያለሁ» ብሎ ጽፏል። በምግቡ መሀል ስልኩ ጮኸ። አነበበው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው፣ መልሶ አነሳው፣ እንደገና አነበበው። እንባው ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ከጎኑ የነበሩት አቶ ጩማ ዳጣው መስሏቸው ውኃ አቀረቡለት።

ብሩክታይት ስልኩን ተቀብላ አየችው። የአባቱ መልስ አንዲት መስመር ናት፤ «ዘጠኝ ነው። እዚያ ነበርኩ።»

አቶ ጩማ ለቶርጌር የቀዱትን ውኃ ራሳቸው ጠጡት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በራችን ተንኳኳ። አቶ ጩማ ናቸው፤ ገብተው ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ሲሚንቶ አወሩ።

«አቶ ዳና፣ ውርርዱን ተሸንፈዋል። አንድ ሰው አላልንም? ከተማው ሁሉ ነው ያለቀሰችው።»

«አውቃለሁ።»

«በሠርጉ አይናገሩም።»

«አውቃለሁ አልኩ እኮ!»

አልተነሱም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አሽከረከሩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አስካለች እንዳትሰማ ወደ ጓዳው እያዩ፣ «የእኔን ይጻፉልኝ» አሉ። «አሁን። በቁሜ እያለሁ። ኤልሳዕ ልጄ ይስማ፤ እኔም ልስማው። ስሞት ምን ይጠቅመኛል?»

መጀመሪያ ልቤ ተነካ። ቀጥሎ ግን ነጋዴ ፊት መቀመጤ ትዝ አለኝ።

«እጽፋለሁ፤ በሠርጉ ከተናገርኩ።»

ባርኔጣቸውን ደፉ። «ይናገሩ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ‹ነበረች› የምትል ቃል ከአፍዎ ከወጣች የማይክሮፎኑን ጄኔሬተር አጠፋለሁ።»

በዚያው ቀን ብዕሬን ይዤ ተቀመጥኩ። «ሜላት ዳና፣ ከአባቷ ከአቶ ዳና፣ ከእናቷ ከወይዘሮ አስካለች ተወለደች» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የትምህርት ውጤቷን ጻፍኩ። ቀጥሎ የሥራ ዘመኗን። ቀጥሎ ባዶ ወረቀት። ምን ያስቃታል? ማንን ትፈራለች? ስለማላውቃቸው ሰዎች ከልጆቻቸው ጠይቄ ስንቱን ጽፌአለሁ፤ ስለ ገዛ ልጄ የምጠይቀው ማንን ነው? አፈርኩ። ደብተሬን ይዤ ክፍሏ ሄድኩና እንደማንኛውም ባለጉዳይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

ደብተሩን ስታይ ፈገግ አለች። «አባ፣ ልትድረኝ ነው ወይስ ልትቀብረኝ?»

«ዝም ብለሽ መልሺ። ከልጅነትሽ የማላውቀውን አንድ ነገር ንገሪኝ።»

«ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ቀን ሞቻለሁ» አለችኝ። «አንተ ሳሎን የአንድ ሟች ታሪክ ትጽፋለህ። በጣም ስለምትጨነቅለት ቀናሁ። የእማዬን ነጠላ ተከናንቤ አልጋ ሥር ገባሁና ሞትኩ። ስትጽፍልኝ ልሰማ። ስጠብቅ ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ እማዬ ለእራት ቀሰቀሰችኝ። አንተ ግን ጽፈህ ጨርሰህ ወደ ቀብሩ ሄደህ ነበር።»

እንደ ቀልድ ነው ያወራችው። እኔ ግን ብዕሬን አላነሳሁም። ከዚያ በኋላ የነገረችኝን ሦስት ቀን ሙሉ ጻፍኩት።

በሠርጉ ቀን አዳራሹ ውስጥ ስነሳ ሰው ሁሉ መሐረቡን አወጣ። የአቶ ጩማ እናት ገና ስሜ ሲጠራ ጀመሩ። ሙሽራው ኤልሳዕ የሜላትን እጅ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። አቶ ጩማ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሙ።

አነበብኩ። በስድስት ዓመቷ አልጋ ሥር የሞተችበት ቦታ ስደርስ አንዲት አክስቷ ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተከተላት። መሐረቦቹ ወደ ኪስ ተመለሱ። በሕይወቴ ሳነብ ሰው ሲስቅ እንዲህ ሰምቼ አላውቅም። «እስከ እራት ድረስ ሞታ ቆየች» የሚለውን ቀጥሎ ማንበብ ነበረብኝ፤ ፊደሎቹ ግን ከወረቀቱ ላይ ተነስተው ሄዱ። ሃያ ስድስት ዓመት በሰው ቀብር ያልወጣች እንባ በልጄ ሠርግ፣ ሕዝብ ሁሉ እየሳቀ፣ በጉንጬ ወረደች። አፌን ብከፍት ድምፅ የለም።

ሜላት ቬሏን ሰብስባ መጣችና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ከቆምኩበት መስመር ጀምራ «ሜላት» የሚለውን ሁሉ «እኔ» እያደረገች እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠች፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«አባ፣ መዝጊያ የለውም እኮ» አለችኝ በማይክሮፎኑ።

«ምን መዝጊያ አለው፣ ገና ነው!» ብዬ ጮህኩባት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።